ያኛው ተራራ ላይ የተፈቱት ጨርቆች

ሚጡ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላም ሚጡ ነበረች። ፀጉሯ ሸብቶ፣ ያለ መነጽር መርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመች ቆይታ እንኳ፣ ታላቅ እህቷ ከጠረጴዛው ማዶ «ሚጡዬ!» ብላ ስትጣራ አቤት የምትለው እሷ ነበረች። ታላቅየዋን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል፤ ፊቷ ራሱ እትዬ በሉኝ የሚል ፊት ነበር።

ሁለቱም ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሱቃቸው ከመንገዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጭንቅላት የሌለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት፣ ካውያ የሚያርፍበት ጠርዙ የተቃጠለ ጣውላ፣ አንድ ሰፊ መስኮት። በመስኮቱ በኩል፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ተራራ ይታያል። ከተማው ሁለት ተራራ አለው። አንደኛው መንገድ የወጣለት፣ ሰው በመኪና እየሄደ ፎቶ የሚነሳበት ነው። ይሄኛውን ግን ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም፤ ጎባጣ፣ ድንጋያም፣ ራሰ በራ ነገር ነው። ሰው ሲጠራው «ያኛው» ይለዋል። በቃ፣ ያኛው።

ሥራቸውን የተከፋፈሉት መቼ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም። እትዬ ትለካለች፣ በጠመኔ ትነድፋለች፣ ትቆርጣለች፤ ከዚያ በመኪና ከመስፋቷ በፊት ልብሱን በእጇ፣ በነጭ ክር፣ ላላ አድርጋ ታያይዘዋለች። በመኪና ተሰፍቶ ሲያበቃ የዚያ ክር ሥራ አልቋል፤ መውጣት አለበት። እሱን የምታወጣው ሚጡ ናት። እትዬ ከፊት ከፊት ታስራለች፣ ሚጡ ከኋላ ከኋላ ትፈታለች። የፈታችውንም ክር እንዳይተበተብ አንዱን ባንዱ ላይ እያጠፈች ኪሷ ውስጥ ትደረድራለች።

ድሮ፣ ሥራ ሲጀምሩ ሰሞን፣ አንድ ሙሽራ ትከሻው ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ተሰቅሎ ሰው ሁሉ አየው። እትዬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። «ሁለተኛ የእኛ ክር ከዚህ ቤት ወጥቶ ሰው ፊት እንዳይቆም» አለች። ከዚያ ወዲህ የሚጡ እጅ የራሱ ሐሳብ ያለው ፍጡር ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ኮት ላይ ክር ትመዛለች። ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመችውን ሴትዮ ቀሚስ ጫፍ ስትፈትሽ ተይዛ በሐፍረት ቀልጣለች። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነውና፣ «ሚጡ ያለችበት ሰልፍ ላይ አልቆምም፤ ራቁቴን ቤቴ ልገባ ነው እንዴ?» ይላት ነበር።

ሚጡ ፈሪ ናት። እሷም አትደብቀውም። ሊፍት ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ ወንበር ላይ ቆማ አምፖል መቀየር ትፈራለች። እናታቸው ስትሞት የእትዬን ቀሚስ ጫፍ ይዛ የምትራመድ ሕፃን ነበረች፤ ካደገችም በኋላ ያንን ጫፍ ጨርሳ የለቀቀችው አይመስልም። በወጣትነቷ አንድ አናጢ ወዷት ነበር። ደልዳላ፣ ሳቂታ፣ እንጨት እንጨት የሚሸት ሰው። ልቧም ፈቅዶ ነበር። የተከራየው ቤት ግን ፎቅ ላይ ሆነ፤ ሊያሳያት ወስዷት በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል እንዳየች ግድግዳውን ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች። «ምድር ቤት ስታገኝ እንነጋገራለን» አለችው። ምድር ቤቱ ሳይገኝ ሰውየው ሌላ አገባ። አሁንም ድረስ የተላገ እንጨት ሲሸታት ሥራዋን ትተውና ወደ ሽታው ዞር ትላለች።

እንግዲህ ከመንገዱ ማዶ ፎቅ መሠራት ተጀመረ። በየሳምንቱ ከፍ፣ ከፍ እያለ የያኛውን እግር ዋጠ፣ ወገቡን ዋጠ፤ አንድ ቀን እትዬ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችና እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«ሚጡ፣ ያኛው ሊሸፈንብን እኮ ነው።»

«ይሸፈና! ምን አገባን?»

«ዕድሜ ልኬን ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው። እንዲሁ ሳልሰናበተው?»

«ከዚሁ እጅሽን አውለብልቢለት።»

«እኔ መውጣቴ ነው። ከፈለግሽ ቅሪ።»

መቅረቱ ደግሞ ከመውጣቱ የባሰ ነበር። እትዬ ደረቷን ያማታል። ብርድ ሲመታት ወይም ሲደክማት ትንፋሿ ያጥርና ከውስጧ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ይወጣል። አፏ ውስጥ የምትነፋው መድኃኒት አላት፤ ሲያፍናት ሁለቴ ሳብ ታደርግና ይለቃታል። ሚጡ ሌሊት ሌሊት ያንን ፉጨት ስታዳምጥ የኖረች ናት። ፉጨቱ አንድ ቀን ቀጥ ቢል በዓለም ላይ የሚቀራት ሰው የለም። ሱቅ ተቀምጦ ያንን ከማሰብ አብሮ መሄድ ይሻላል አለች።

ጫማ ሰፊው ጫማቸውን ሶል እየቀየረላቸው ሳቀባቸው። «ወጣትነት አሁን መጣላችሁ? እናንተ እኮ ደረጃ ስትወጡ ሁለቴ የምታርፉ ናችሁ።» ኋላ ግን ኮስተር አለ። በልጅነቱ ወጥቶት ያውቃል። «ከታች መንገድ አለው። ከላይ ግን ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሁሉም ድንጋይ ደግሞ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ስትወጡ በግራ በኩል ገደል አለ። ጉም ከወረደ እጃችሁን አታዩም። እየወጣችሁ ምልክት አድርጉ።»

«የምን ምልክት?» አለች ሚጡ፤ ገደል ከተባለ ጀምሮ ሌላውን አልሰማችም።

«ጨርቅ ጠፍቶ ነው እናንተ ቤት?»

እትዬ ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ከረጢቱን ጎትታ አወጣች። ረዘም ረዘም ያለውን መረጠች፤ የኮት ቀይ ገበር፣ አበባ ያለበት ሰማያዊ የመጋረጃ ቁራጭ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ግራጫ፣ ሌላም ሌላም።

በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው መጨረሻው ፌርማታ ወረዱ። ከዚያ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ፤ የካባው አጥር ላይ እትዬ የመጀመሪያውን አረንጓዴ ጨርቅ አሰረችና «ይኸው፣ መግቢያ በር» ብላ ሳቀች። እየዘፈነች፣ ባለፈችበት ሁሉ ጨርቅ እያሰረች ነበር የምትሄደው። ወደ ኋላ ዞራ የማየት ልማድ የላትም፤ ሚጡ መኖሯን በኮቴዋ ታውቃለች። ሚጡም ቀና ብላ አታይም። ቀና ካለች ሰማዩ የሚዞርባት፣ ወደ ጎን ካየች መሬቱ ከሥሯ የሚሸሽ ስለሚመስላት ዓይኗን እግሯ ሥር ተከለችው። ጠጠሩን፣ እሾኹን፣ የድንጋዩን ስንጥቅ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት የመሰለ ነገር፣ ሁሉንም በቅርብ፣ አንድ በአንድ፣ ሊውጣት እንደመጣ ነገር እያየች ሄደች።  እጇ ምን እንደሚሠራ ግን ልብ አላለችም።

መሐል ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቀጥ ያለ ድንጋይ ገጠማቸው። እትዬ እየተንጠራራች ወጣች። ሚጡ በሆዷ ተሳበች። «እትዬ፣ በሞቴ እንመለስ።» «ደረስን እኮ!» «ከታችም እንዲህ ነበር ያልሽው።» «ያኔ ዋሽቼሽ ነው፤ አሁን እውነቴን ነው።»

እውነትም ደረሱ። ጫፉ ከሱቃቸው ብዙ የማይሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከተማው ከታች እንደተበተነ ቁልፍ ተዘርግቷል። እትዬ እንደ ሕፃን እጇን አጨበጨበች። «ያቻት ሱቃችን! አይ፣ አይደለችም። ፎቁ ያውና፤ ክሬኑን አየሁት! ሚጡ፣ ዞር በዪና እዪው እንጂ።»

ሚጡ ከተማውን በጀርባዋ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ማዶው ሸለቆ መልሳ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። «አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እሰማለሁ።»

እንዲህ ዞራ በመቀመጧ ነው ቀድማ ያየችው። ከሸለቆው ውስጥ ነጭ ነገር ይነሳል። መጀመሪያ ጭስ መሰላት። ከዚያ ታች ያሉትን ዛፎች ዋጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ወደ እነሱ ይወጣል። «እትዬ!» አለች። ጣቷን ቀሰረች።

እትዬ ዞር ብላ ስታይ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ተነሺ። አሁኑኑ።»

ከጫፉ ትንሽ እንደወረዱ ጉሙ ደረሰባቸው። ብርዱ እንደ እርጥብ አንሶላ ተጠመጠመባቸው። እትዬ አንድ ደረቅ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመች። «ቀዩ ገበር እዚህ ነበር። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት።» ቁጥቋጦውን በእጇ አበጠረችው። ባዶ ነው። ትንሽ ወረደች፤ ሰማያዊውን የሰካችበትን ስንጥቅ ፈለገች፤ ስንጥቅ ሞልቷል፣ ጨርቅ ግን የለም።

«ነፋስ ወስዶት ይሆን?» አለች ሚጡ።

«ሁለት ጊዜ ነው የቋጠርኩት፤ የእኔን ቋጠሮ ነፋስ አይፈታውም።» እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ፈቶታል። ከኋላችን የሚመጣ ሰው ነበር።»

የሚጡ ልብ ስንጥቅ አለ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ፣ ጨርቃቸውን አንድ በአንድ እየፈታ፣ መመለሻቸውን እየዘጋ፣ ከኋላቸው ሲከተል የዋለ ሰው! ለምን? ምን ፈልጎ? አሁንስ የት ቆሞ ነው የሚያያቸው? እትዬ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። አንዲት ጠጠር የሆነ ቦታ ተንከባለለች፤ ሚጡ እንደ በረዶ ደርቃ ቀረች። እትዬ ያኔ ማፏጨት ጀመረች፤ ከደረቷ።

«መድኃኒትሽን ሳቢ፣ እትዬ።»

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ በረበረች፣ ዘጋች። «የስፌት መኪናው ላይ ትቼዋለሁ። ለግማሽ ቀን ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

የሚጡ እንባ መጣ። ማየት አልፈለገችም እንጂ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እዚህ ብርድ ላይ ከመሸባቸው ያ ደረት ሌሊቱን አይሻገርም። አፍንጫዋን ልትጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። እጇ መሐረብ አላገኘም። ለስላሳ፣ የታጠፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደረ ነገር ነው ያገኘው።

ክው አለች። የላይኛውን አወጣችው። ቀይ ገበር ነው።

ከኋላቸው ሲከተል የዋለውን ሰው አገኘችው።

ለአፍታ መልሳ ልትደብቀው ከጀለች። ከዚያ የእትዬን ፉጨት ሰማች፤ እጇን ዘረጋች። «እትዬ… እኔ ነኝ። አላወቅሁም። አንቺ ስታስሪ… እጄ…» መጨረስ አቃታት።

እትዬ ጨርቁን አየች። ሚጡን አየች። ያነሳችውን ድንጋይ ጣለችው። ልትቆጣ መስሏት ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች፤ እትዬ ግን ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ አጎነበሳት፣ መሬት አስቀመጣት። «ክራችን… ሰው ፊት… እንዳይቆም ነው» አለች በመከራ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። ከንፈሯ እየገረጣ ነበር።

ሚጡ ከፊቷ ሰው ፈለገች። የለም። ዕድሜዋን ሁሉ ከፊቷ የነበረችው አሁን ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ ታፏጫለች።

ቀዩን ጨርቅ በጣቷ ስትዳስሰው አንድ የእሾኽ ስባሪ ተጣብቆበት አገኘች። ቁጥቋጦው። ስትፈታው አውራ ጣቷን ወግቷት ነበር፤ አሁንም ያማታል። ሰማያዊውን ቀጥላ አወጣችው። እሱ ላይ ያ የድንጋይ ሽበት ዱቄት አለ። ያንን ድንጋይ ታውቀዋለች! ሁለት ላይ የተሰነጠቀ፣ ከንፈሩ የተቆረሰ፤ ፊቷን አስጠግታ ስትርበደበድ ያየችው ድንጋይ። ከቁጥቋጦው በስተቀኝ ነበር፤ ስለዚህ ሲወርዱ በግራ ይሆናል። ጨርቆቹ ኪሷ ውስጥ የተደረደሩት በተፈቱበት ተራ ነው፤ ላይ ያለው ለጫፉ የቀረበው፣ ታች ያለው ለካባው የቀረበው።

«እትዬ፣ ኮቴን ከኋላ ያዢ። እንዳትለቂ።»

«አንቺ… ፊት?»

«ዝም በይና ያዢ፤ ትንፋሽሽን አትጨርሺ።»

የሰማያዊው ጨርቅ ድንጋይ ተገኘ። ሚጡ ሞቷል ተብሎ እንደተመለሰ ዘመድ አቀፈችው። ቀጥሎ የወጣው ግራጫው ዩኒፎርም ነበር፤ እሱ ላይ ግን ምንም አልታያትም። የት ነበር? ወደ ቀኝ ሄደች፤ እግሯ ሥር ጠጠር ተንሸራተተ። ቆመች። አንድ ድንጋይ አንስታ ወደ ፊት ወረወረች። ድምፅ አልመጣም። ጠበቀች። ከዚያ ከሩቅ፣ በጣም ከታች፣ ቋ አለ።

ላብ አጠመቃት። አንድ እርምጃ ብትጨምር ኖሮ! እትዬን በጀርባዋ እየገፋች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ ኋላ ተመለሰች።  ቁጭ ብላ ማልቀስ ነበር የፈለገችው፤ ቁጭ ካለች ግን እንደማትነሳ ታውቃለች። ግራጫውን ጨርቅ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንዲሁ፣ ሕፃን እንደሚያደርገው። ጨርቁ ሸተታት። የእንጨት ሽታ፤ የተላገ እንጨት፣ ትኩስ ሙጫ። ብቻዋን የቆመች፣ ቅርፊቷ የተላጠ ትንሽ ዛፍ! ስትፈታው ሽታው አናጢውን አስታውሷት፣ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ለአፍታ አባብሏት ነበር። ዛፏን በዓይኗ ማየት ባትችልም ነፋሱ በየት በኩል ሙጫ ሙጫ እንደሚሸት እያነፈነፈች፣ እየቆመች፣ እየተሳሳተች ሄደች። እጇ ቅርፊቷን ሲነካ «ተባረክ» አለች፤ ለማን እንዳለችው እግዜር ይወቅ።

ያ ቀጥ ያለው ድንጋይ ሲደርስ ሚጡ ቀድማ መውረድ ነበረባት። ፊቷን ወደ ድንጋዩ አድርጋ፣ እግሯን ባዶ ላይ ሰደደች። ባዶው ረዘመ፣ ረዘመ፤ በአናጢው ቤት በረንዳ ላይ ያየችው ያ ሁሉ ቁልቁል ከሥሯ የተከፈተ መሰላት። የእግሯ ጣት መሬት ነካ። ከዚያ ዞራ የእትዬን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ያዘች፤ አንዱን እግር አወረደች፣ አስቀመጠች፤ ሌላውን አወረደች። እትዬ እንደ እርጥብ ኮት ትከሻዋ ላይ ወደቀች። ፉጨቱ ቀጥኖ ክር አክሏል።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ… እንጃ።»

«እንጃ አትበዪኝ!»

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄዱት ኋላ ሚጡ ስትጠየቅ በቅጡ አታወራውም። ቢጫ ጨርቅ ነበር ትላለች፤ ነጠብጣብ ያለበት ነበር ትላለች። አንዱ የቱ ጋ እንደነበር ጨርሶ ጠፍቷት በደመ ነፍስ አለፈችው። ድንገት ከታች የውሻ ጩኸት ተሰማ። የካባው ዘበኛ ውሻ ነው። ሚጡ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሻ ሲጮህ ወደ ኋላ የምትሸሽ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እየተንቀጠቀጠች፣ «ና! ጩህ! አታቋርጥ!» እያለች ወደ ድምፁ ሄደች። ጉሙ ሳሳ፤ አጥሩ ታየ። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ዘበኛው የሚንፎለፎል ሻይ ሰጣቸውና በካባው የጭነት መኪና ወደ ሐኪም ቤት አስወሰዳቸው። እትዬ ፊቷ ላይ ጭንብል ተደርጎላት ፉጨቱ እየላላ፣ እየላላ ሲሄድ ነው ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዛ እንደገና ፈሪ የሆነችው።

ጫማ ሰፊው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ ድንገት ሳቁን አቆመ። «ከእንግዲህ ምልክት በቀለም ነው የማደርግላችሁ» አለ። «ከእንግዲህ?» አለች ሚጡ። «ተራራ የሚባል ነገር በዓይኔ እንዳላይ!» አላየችውምም፤ ፎቁ አለቀና ያኛውን ጠቅልሎ ጋረደው።

ሊፍት ዛሬም ትፈራለች። አምፖሉን የሚቀይርላቸው ጫማ ሰፊው ነው። ግን እትዬ ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አልሆነችም፤ መንገድ ሲሻገሩ እርምጃዋ ይዘገያል፣ ዓይኗም ይደክማል። አንድ ማለዳ ሚጡ ኮቷን ልትለብስ ስታነሳው ከጀርባው፣ ወገቡ አካባቢ፣ የቀይ ገበር ቁራጭ እንደ ጆሮ ታጥፎ፣ በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ተያይዞበት አገኘች።

«ይሄ ምንድነው?»

«መያዣዬ ነው» አለች እትዬ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። «አንቺ ፊት ሂጂ፤ እኔ እሱን እይዛለሁ። በእናታችን፣ ይቺን እንኳ አትፍቺብኝ።»

መኪናው የሚበዛበት ማቋረጫ ላይ ሲቆሙ ሚጡ ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች፣ እንደገና ግራ ታያለች። እጇ በልማዱ ወደ ኋላ ይሄድና ነጩን ክር ያገኘዋል። ይዳስሰዋል፣ ይዳስሰዋል፤ ቀጥሎ የእትዬን ጣቶች ያገኛል፤ ይተወዋል። ከዚያ ልቧ እየመታ ቀድማ ትሻገራለች።